ስኳብል ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥና በቤት ውስጥ ስለሚነሣው ጭቅጭቅ

የባዕድ አገር ቋንቋ መማር አንዱን ቃል በሌላው ቃል መተካት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ነገሩን ቀርቦ ለተመለከተው ሰው፥ ቋንቋ የአንድ ሕዝብ ሚዛን ሆኖ ይታየዋል። አንዱ ሕዝብ በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚናገረውን፥ ሌላው በአራትና በአምስት ቃል ለያይቶ ይመዝነዋል። ስለዚህ የባዕድ ቃል ጠንቅቆ የተማረ ሰው የገዛ ቋንቋውን ቃል ደግሞ እንደ አዲስ መመርመር ይጀምራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው የእንግሊዝኛ ቃል አጭርና ትንሽ ነው፤ የሚነካው ጕዳይ ግን የእያንዳንዳችንን ቤት ስለ ሆነ፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን ታግሠው እንዲመለከቱልን እንለምናለን።

ቃሉ እንግሊዞች «ስኳብል» የሚሉት ግሥ ነው። ትርጓሜውም ስለ ጥቃቅን ነገር ድምፅን ከፍ አድርጎ መጨቃጨቅ ወይም መነታረክ ማለት ነው። ይህ ቃል በእንግሊዞች ጽሑፍ መታየት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1600 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ የቃላትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከድምፅ የተቀዳ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታሉ። በእውነትም ቃሉን ደጋግሞ ለጠራው ሰው፥ ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ ሲናገሩ ከሩቅ የሚሰማውን ጫጫታ ይመስላል። የእኛም «ጭቅጭቅ»ና «ንዝንዝ» ፊደላቸው ራሱ እየተመላለሰ የሚጮኽ ነውና፥ ሁለቱ ሕዝቦች በዚህ ነገር ሳይመካከሩ ተስማምተዋል ማለት ይቻላል።

ይህን ግሥ ከሌሎቹ የሚለዩት ምልክቶች አራት ናቸው። መጀመሪያ፥ የተነሣው ነገር ትንሽ መሆን አለበት፤ ስለ ነፍስና ስለ ደም የሚደረግ ክርክር በዚህ ቃል አይጠራም። ሁለተኛ፥ ድምፁ ከነገሩ ይበልጣል። ሦስተኛ፥ ተጨቃጫቂዎቹ ሁለት ወይም ከሁለት የበዙ ናቸው። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ ቃሉ ለማንም ወገን የማይፈርድ መሆኑ ነው። ተናጋሪው ይህን ግሥ ባወጣ ጊዜ ባለ እውነቱንና ሐሰተኛውን ሳይለይ ሁለቱንም ባንድነት ዝቅ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ እንግሊዞች ስለ ሕፃናት፥ በፍርፋሪ ስለሚሻሙ ወፎች፥ በሟች ዕቃ ስለሚናቈሩ ወራሾች ሲናገሩ ይጠቀሙበታል፤ ጋዜጦቻቸውም ሹማምንትን ወይም የፖለቲካ ወገኖችን ሊነቅፉ ሲፈልጉ ይህን ቃል ይመርጡታል። ሰው ግን ስለ ራሱ ሲናገር «ተከራከርን» ማለት ይቀናዋል፤ ጭቅጭቅ የሚለውን ለጎረቤቱ ያቈየዋል።

አገባቡ ለተማሪ የሚያስቸግር አይደለም። ከማን ጋራ እንደ ሆነ ለመናገር «ዊዝ» የሚለው መስተዋድድ ይከተለዋል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ለመናገር «ኦቨር» ወይም «አባውት» ይጨመርበታል። ያለፈው ጊዜ «ስኳብልድ» ይሆናል፤ ቃሉም ሳይለወጥ ስም ሆኖ ያገለግላል። የሚያስቸግረው የቃሉ ምርጫ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ለማናቸውም አለመስማማት «ፋይት» ይላሉ። ባልና ሚስት በወጥ ጨው ተነታረኩ ለማለት የፈለገ ሰው ይህን ቢናገር፥ ሰሚው እንግሊዝ ባልና ሚስቱ ተደባደቡ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። እንግዲህ ቃልን አለ ቦታው ማግባት ሰውን ያለ ኀጢአቱ እንደ መክሰስ ያለ ነው።

የዚህ ግሥ ዘመዶችም መታወቅ ይገባቸዋል። «ኳረል» የሚባለው እሮሮና አቤቱታ ማለት ከሆነ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ቂምና መለያየት ሊከተለው ይችላል። «አርግዩ» ደግሞ ግልጽ ማድረግና ማስረዳት ማለት ከሆነ የላቲን ግሥ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ያለ ጩኸት በምክንያትና በማስረጃ የሚደረገውን ክርክር ሁሉ ይይዛል። «ቢከር» በመካከለኛው ዘመን የጭፍሮች ግጭት ማለት ነበረ፤ ዛሬ ግን እንደ ዝናብ ጠብታ የማያቋርጥ የቤት ውስጥ ንዝንዝ ሆኖ ቀርቷል። «ራንግል» የሚሉት ትግል ማለት ከሆነ የሰሜን ጀርመን ቃል ጋራ ይዛመዳል።

ስለዚሁ ስለ መጨረሻው ቃል አንድ ነገር እንጨምር። በካምብሪጅ የትምህርት ቤት በሒሳብ ፈተና አንደኛውን ማዕርግ ያገኙት ተማሪዎች «ራንግለር» ይባላሉ፤ ቃል በቃል ቢተረጐም ተጨቃጫቂ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የወጣላቸው፥ በጥንት ዘመን ፈተናው የሚደረገው በላቲን ቋንቋ ፊት ለፊት በመከራከር ስለ ነበረ ነው። በእኛም አገር የቀድሞ ሰዎች በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ፥ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ሲሟገቱ፥ ያንን ጭቅጭቅ ነው ብሎ የናቀው አልነበረም፤ እንዲያውም የአንደበት ጥበብ የሚታይበት አደባባይ ነበረ። ከዚህ የምንረዳው፥ የሰው ልጅ ክርክር ዳኛና ተራ ሲኖረው ዕውቀትንና ፍትሕን የሚወልድ መሆኑን፥ ዳኛና ተራ ሲያጣ ግን ወደ ጫጫታ የሚወርድ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር ድኻ አይደለም። ክርክር አለ፤ ሙግት አለ፤ ጠብ አለ፤ አምባጓሮ አለ፤ ጭቅጭቅና ንትርክ አለ፤ ድምፅ የሌለው ኩርፊያም አለ። ከዚህም በላይ የግሣችን እርባታ የሚያስተምረን ትልቅ ምስጢር አለ። «ጨቀጨቀ» ያልን እንደ ሆነ አንድ ሰው ሌላውን በነገር አሰለቸ ማለት ነው። «ተጨቃጨቀ» ያልን እንደ ሆነ ግን ሥራው የሁለት ሰዎች ይሆናል። «አጨቃጨቀ» ስንል ደግሞ ሁለቱን ሰዎች ያጋጨ፥ ራሱ ግን ከጫጫታው ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው መኖሩን እንመሰክራለን። የእንግሊዝኛው ስኳብል ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ያን ሦስተኛውን ሰው ለመናገር የፈለገ እንግሊዝ ሌላ ቃል መፈለግ አለበት።

ከሁለተኛው እርባታ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደ ተባለው፥ ከሁለቱ አንዱ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግሡ ራሱ ይለወጣል፤ «ተጨቃጨቁ» የነበረው «ጨቀጨቀ» ይሆናል፤ ብቻውን የሚጨቀጭቅ ሰውም ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ይደክመዋል። ሦስተኛው እርባታ የሚያስተምረን ግን ከዚህ የከፋውን ነው፤ ይህንንም በምሳሌ ብናሳየው ይሻላል።

የእንግሊዝ ባለ ቅኔ ሼክስፒር ስለ ኦቴሎ በጻፈው፥ በ1604 ዓ.ም. በንጉሥ ጀምስ ቀዳማዊ ፊት በታየው፥ በኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ቲያትር፥ ስኳብል የሚለው ግሥ ይገኛል። ይህን ግሥ የሚናገረው ካሲዮ የሚባል የጦር መኰንን ነው። የቱርክ መርከቦች በማዕበል ጠፍተው፥ የጦር አለቃው የኦቴሎ የሠርግ ደስታ በቆጵሮስ ደሴት በሚከበርበት ሌሊት፥ ካሲዮ የዘብ ተረኛ ነበረ። ኢያጎ የሚባለው ምቀኛ ጽዋ እየጨመረ አሰከረው፤ ሌላ ሰውም ልኮ በነገር አስነካው። ከዚያ ጫጫታ ተነሣ፤ ሰይፍ ተመዘዘ፤ የደሴቲቱ ሹም ቈሰለ። ኦቴሎ ከመኝታው ተነሥቶ መጣና ካሲዮን ያን ጊዜውኑ ከሹመቱ ሻረው። ካሲዮም ስካሩ ሲለቀው ራሱን እየወቀሰ፥ ለሰካራምና ለሕፃን የሚነገረውን ያን ግሥ በገዛ ራሱ ላይ ተናገረ። ጠብ እንደ ነበረ ያስታውሳል፤ በምን ምክንያት እንደ ተነሣ ግን አያውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንድ መኰንን ውርደት ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ካሲዮ ምሕረት ለማግኘት የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን አማላጅ አደረገ፤ ኢያጎም እርስዋ ስለ ካሲዮ በለመነች ቍጥር በባልዋ ልብ ውስጥ የቅናት መርዝ ጨመረ፤ በመጨረሻም ኦቴሎ ንጽሕት ሚስቱን በገዛ እጁ ገደላት። በአንድ ሌሊት በከንቱ የተነሣ ጭቅጭቅ ትዳርን አፍርሶ ነፍስ አጠፋ። ተጨቃጫቂዎቹ በሰይፍ ሲፈላለጉ፥ አጨቃጫቂው ግን በመካከላቸው እንደ ታማኝ ሰው ቆሞ ይታይ ነበር። በየቤታችን ከባል ወደ ሚስት፥ ከእኅት ወደ ወንድም ቃል የሚያመላልስ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሲገኝ፥ ሦስተኛውን እርባታ ማስታወስ ብልኅነት ነው። ጫጫታ በተነሣ ቍጥር «ማን ተጨቃጨቀ» ብቻ ሳይሆን «ማን አጨቃጨቀ» ብሎ መጠየቅም ይገባል።

ይህ ግሥ በማተሚያ ቤት ደግሞ ሌላ ትርጓሜ ነበረው። ጆሴፍ ሞክሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1683 ዓ.ም. ስለ ማተም ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ የአንዱ መሥመር የእርሳስ ፊደሎች ተንሸራተው ወደ ጎረቤታቸው መሥመር የገቡ እንደ ሆነ፥ ገጹ «ስኳብልድ» ነው ይባል ነበር። በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ለፊደል ለቃሚ ትልቅ ጭንቅ ነበረ። ይሁን እንጂ ከፊደሎቹ አንዱም አልተሰበረም፤ ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ከስፍራቸው ብቻ ወጥተዋል። ፊደል ለቃሚውም እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እያነሣ ወደ መሥመሩ ይመልሰዋል እንጂ፥ ተናዶ ሁሉንም ወደ እሳት አይጥለውም። የቤት ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ባልም ሚስትም ልጆችም ደኅና ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መሥመር ስለ ነካ ብቻ ንባቡ ተበላሸ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል። ጭቅጭቅ የሚለው ቃል ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያዋርድ ስለ ሆነ፥ ኀይለኛው የደካማውን እውነተኛ አቤቱታ ለማፈን መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። በእንግሊዝ አገር የቀድሞ ሕግ «ኮመን ስኮልድ» የሚባል ጥፋት ነበረ። ይህም በጭቅጭቅዋ ጎረቤት አወከች ተብላ የምትከሰስ ሴት ማለት ነው፤ በወንበር ታስራ ውሃ ውስጥ እንድትነከር ይፈረድባት ነበር። ሕጉ በሴት ላይ እንጂ በወንድ ላይ አይሠራም፤ ቅጣቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላም ሕጉ ሳይሰረዝ እስከ 1967 ዓ.ም. ቈይቶ ነበር። ከነዚያ ሴቶች መካከል በከንቱ የምትጮኽ ብትኖርም፥ በደል ደርሶባት የምትጮኽ እንደማትጠፋ ማንም አስተዋይ ሰው ይገምታል። ሕጉ ግን የሚለካው ድምፁን ነበርና ነገሩን አልመረመረም።

እንዲሁም በቤታችን፥ ሚስት የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጊዜው አለፈ ስትል ባል «ጭቅጭቅሽን ተይኝ» ቢላት፥ ያ ነገር ጭቅጭቅ አይደለም። የቤት ሠራተኛ የወር ደመወዜ ተጓደለ ብላ ደጋግማ ብትናገር፥ ይህም ጭቅጭቅ አይደለም። ታዲያ በምን እንለየው ለሚል ሰው የምንሰጠው መለያ ይህ ነው። ድምፁ ዝቅ ሲል ነገሩ አብሮ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ያ ጭቅጭቅ ነበረ፤ ይረሳ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነገሩ በስፍራው የቀረ እንደ ሆነ ግን፥ ያ አቤቱታ ነው፤ ሊሰማና ሊፈረድለት ይገባዋል። እንግሊዞች ስኳብልን ከኳረል ለይተው መናገራቸው፥ እኛም ጭቅጭቅን ከአቤቱታ መለየታችን የሚጠቅመው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛ መለያ ከወንጌል እናገኛለን። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፥ ደቀ መዛሙርቱ በመንገድ ሳሉ ከእኛ ማን ይበልጣል እያሉ ተከራክረው ነበር። ቅፍርናሆም ደርሰው ወደ ቤት በገቡ ጊዜ ጌታችን ስለ ምን እንደ ተነጋገሩ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ዝም አሉ። እነዚያ ብዙ የተናገሩ አፎች ምክንያቱን ለመናገር አፈሩ። እንግዲህ አባወራ ወይም እመቤት በቤቱ ጫጫታ በሰማ ጊዜ፥ ከቍጣ በፊት «ነገሩ ምንድር ነው?» ብሎ በለሰለሰ ቃል ቢጠይቅ፥ ባለ አቤቱታው ነገሩን ይናገራል፤ ተጨቃጫቂው ግን ያፍራል። ከዱላና ከስድብ ይልቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ጠብ ያበርዳል።

ከዚህ ቀጥለን ለየቤቱ የሚጠቅመውን ባጭሩ እናመለክታለን። ሕፃናት በመጫወቻ ሲጨቃጨቁ፥ ማን ጀመረ ብሎ ረጅም ምርመራ ማድረግ ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል፤ ጥቂት ጊዜ ለያይቶ ማቈየት፥ ከዚያም እያንዳንዱ በዝግታ በተራው እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። ከመካከላቸው ዘወትር የሚመታና የሚነጠቅ ያለ እንደ ሆነ ግን፥ ልጆች ናቸው ብሎ ማለፍ ለበደለኛው ማገዝ ነው። ባልና ሚስትም የዛሬውን ነገር በዛሬው ብቻ ይጨርሱ፤ የአምናውንና የካቻምናውን ጓዝ አይጫኑበት፤ በልጆች ፊትና በማዕድ ላይ ነገር አያንሡ። ጭቅጭቅን ሸሽቶ ወደ ኩርፊያ መግባትም መድኀኒት አይደለም፤ ኩርፊያ ድምፁን ያጠፋ እንጂ ነገሩን ያላጠፋ ጠብ ነውና።

በትልልቅ ቤቶች ደግሞ በሠራተኞችና በዘመዶች መካከል የሚነሣው ንትርክ ወደ ጌቶቹ የሚሸጋገርበት ጊዜ ብዙ ነው። አባታችን አብርሃም የእርሱ እረኞችና የሎጥ እረኞች በግጦሽ በተጣሉ ጊዜ፥ ነገሩ ወደ እርሱና ወደ ወንድሙ ልጅ ሳይደርስ ሎጥን ጠርቶ፥ ታላቅ ሲሆን ለታናሹ የአገሩን ምርጫ ለቀቀለት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በማዕርግ የሚበልጠው ቀድሞ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፥ ክብሩ አይቀነስበትም፤ ታናሹ ግን የሚጨቃጨቅበትን ምክንያት ያጣል።

እንግዲህ ይህን አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ የሚማር ልጅ በቤታችሁ ያለ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜውን ብቻ አስጠንታችሁ አትለፉት። ነገሩ ትንሽ፥ ድምፁ ትልቅ፥ ሁለቱም ወገን የሚያፍርበት መሆኑን አስረዱት፤ ከአቤቱታና ከክርክርም እንዲለየው አስተምሩት። ልጁም በዚህ ሚዛን የቤቱን ነገር መመዘን የለመደ እንደ ሆነ፥ አድጎ በዳኝነት ወንበር ወይም በመሥሪያ ቤት ሲቀመጥ፥ የሚጮኸውን ሁሉ በደለኛ፥ ዝም ያለውንም ሁሉ ንጹሕ አድርጎ አይቈጥርም። ለትንሹ ነገር ዝምታን፥ ለእውነተኛው አቤቱታ ጆሮን መስጠት የሚያውቅ ቤተ ሰብ ሰላሙ የጸና ይሆናል፤ ለየቤታችንም እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ማስተዋል ያድለን።